ዓሣ ቆጣሪውና የጓሯችን ድንጋይ

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከስሜ ሌላ ብዙ ነገር ጽፌ አላውቅም። ይህን የምጽፈው ሰው ስለዚያ ማሽን ሲያወራ እያጣመመ ስላስቸገረኝ ነው። ገበያ ላይ አንዱ ወርቅ ሊፈልጉበት ነው ይላል። ሌላው የግድቡን ውኃ ሊወስዱት ነው ይላል። ሁለቱም ውሸት ነው። ማሽኑ ዓሣ ይቆጥራል። እኔ በዚህ ትከሻዬ ተሸክሜዋለሁ፤ ስለዚህ የማወራውን አውቃለሁ።

ከውኃው ልጀምር። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ለመስኖ ተብሎ የተገደበ ውኃ አለ። ውኃው የተኛበት ረባዳ ቦታ የእኛ መንደር ነበር። ገብስና ባቄላ እናበቅልበት ነበር፤ በግም እናረባለን። ግድቡ ሲሠራ ካሳ ተሰጠንና ወደ ዳገቱ ወጣን። ቤተ ክርስቲያኑም አብሮን ወጣ። ቆርቆሮውንና እንጨቱን ነቅለን ወሰድን። ግድግዳውን ግን ማን ይሸከመዋል? በእኛ አገር ቤቱም፣ አጥሩም፣ የበጉ ጉረኖም ድንጋይ ነው። እዚያው ተውነው። ውኃው ደግሞ አልቸኮለም፤ ቀስ እያለ መጥቶ አንድ ክረምት ሙሉ ሲያለብሰው ከላይ ሆነን አየን።

ቆይተው የዓሣ ጫጩት በበርሜል አምጥተው ጨመሩበት። ቆሮሶና ካርፕ ነው አሉን። እኛ የበግ አገር ሰዎች ነን፤ ዓሣን ምን እናውቀዋለን? ልጆቻችን በጾም ይበላል አይበላም እያሉ ሲከራከሩ ከመስማት በቀር ዓሣው አላስጨነቀንም ነበር። እኔ እስከ ዛሬ አልበላም። ሽታው አይስማማኝም።

ማስገር ያመጡብን ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ የገቡ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ኋላ ወዳጄ ሆነ። ያደገው ዴዴሳ ወንዝ አጠገብ ነው። የመጀመሪያ ቀን ብቻውን በእግሩ መጥቶ ውኃውን ቆሞ ሲያየው ቆየ። እኔ በጎቼን ውኃ ላጠጣ ወርጄ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ውኃ ባለቤት አለው?» አለኝ።

«የመንግሥት ነው።»

«ዓሣውስ?»

«ዓሣውማ የራሱ ነው።»

ሳቀ። ሲስቅ ብዙ ጊዜ ሳይስቅ የቆየ ሰው መሆኑ ያስታውቅ ነበር። እሱ ነው ኋላ የመጠለያውን ሰዎችና የእኛን ሰፈር ጎረምሶች አሰባስቦ ማኅበር ያቋቋመው። እኔን የጀልባና የመረብ ጠባቂ አደረጉኝ። ዳር ላይ የቆርቆሮ ጎጆ ሠሩልኝ። ዓሣ የማይበላ ሰው ጠባቂ ቢሆን ዓሣ አይጎድልም ብለው ነው የመረጡኝ፤ ይህንን ፊት ለፊቴ ነው የተናገሩት።

መጀመሪያ በትንንሽ መረብ ይሠሩ ነበር። ኋላ ረጅም መረብ አገኙ፤ ከሁለት ወገን ሆኖ ወደ ዳር የሚጎተት ዓይነት ነው። ችግሩ ድንጋያችን ነው። መረቡ በተጎተተ ቁጥር የአንዱን ቤት ግድግዳ ወይም የአንዱን አጥር ይይዝና ይቀደዳል። ወዳጄ ቁጭ ብሎ ሲሰፋ ይውላል። በመጨረሻ ማኅበሩን ሰብስቦ ሐሳብ አቀረበ፦ ግንቦት ላይ ውኃው ሲጎድል፣ ሰው ገብቶ ሊቆም ሲችል፣ ድንጋዩን በሰንሰለትና በበሬ እየጎተትን እናውጣ። ሁሉም እሺ አለ። እኔ ብቻ እንቢ አልኩ።

ለምን እንቢ እንዳልኩ አልነገርኳቸውም። ለእናንተ ግን አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ ሳትሰሙ ብትከተሉኝ አይገባችሁም።

ከባለቤቴ ጋር ገና ወጣት ሳለን ሴት ልጅ ወልደን ነበር። ሰማንያ ቀኗ ሳይደርስ፣ ክርስትና ሳትነሳ ሞተች። ክርስትና ያልተነሳች ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ግቢ አትቀበርም። ስለዚህ እኔው ራሴ ከቤታችን ኋላ፣ የቤቱ ግድግዳና የአጥሩ ድንጋይ በሚገናኙበት ጥግ ቀበርኳት። ጠፍጣፋ ድንጋይ አኖርኩባት። ግድቡ ሲመጣ ካህናቱ የመቃብሩን አጽም በጸሎት አንስተው ወደ ላይ አወጡ። እያንዳንዱ ቤት የየራሱን አስቆጠረ። ስለ ጓሮ የጠየቀ ግን የለም። ባለቤቴን «እኛም እናንሳት እንዴ?» ብላት «አፈር ሆናለች፤ ምኗን ታነሳለህ? ተዋት» አለችኝ። ተውናት።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ኩበት ልትለቅም ስትወጣ ዳገቱ አፋፍ ላይ ትንሽ ትቆማለች። ፊቷን ወደ ውኃው ታዞራለች፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ምን እንደምትል ጠይቄያት አላውቅም። እኔም በበኩሌ ከጎጆዬ ሆኜ ቦታውን ለይቼ አውቀዋለሁ ብዬ አምን ነበር። አሁን ድንጋዩን በሰንሰለት ይጎትቱ ማለት ያንን ጥግ ገልብጠው ይወስዱታል ማለት ነው።

ይህንን ልጆቹን ለማብላት ለሚታገል ሰው እንዴት ብዬ ልንገረው? ስሟ እንኳ ለሰው ያልተነገረ ሕፃን አለችኝ ልበለው? አፍሬ ሌላ ምክንያት ፈጠርኩ።

«ድንጋዩ የዓሣው ቤት ነው» አልኳቸው። «ቤቱን ብታፈርሱበት ዓሣው ያልቃል።»

ወዳጄ ዘወር ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ዓሣ አይበሉም፤ ደግሞ ቤቱን ከየት አወቁት?»

ጎረምሶቹ አውካኩ። እኔ ግን አንዴ ከአፌ ከወጣ በኋላ ወደ ኋላ አልልም። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ይህንኑ ደገምኩ። እንዳጋጣሚ ሆኖ ግድቡን የሚያስተዳድሩት ሰዎችም ያው ጥያቄ ነበራቸው፦ ዓሣው የት ይጠለላል፣ የት ይራባል ሳይታወቅ ድንጋይ አይነሳም አሉ። አጥኚ ትመጣለች፤ ዓሣ የሚበዛበት ቦታ ይከለላል፤ ሌላው ይጠረጋል። እንዲህ ሆኖ የእኔ ሰበብ ዳኛ ቆመለት።

አጥኚዋ በፒካፕ መኪና መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ብርዱ አንቀጥቅጧታል። ሁለት ጃኬት ደርባለች፤ ጋቢ አምጥቼ ሦስተኛ ጨመርኩላት። ማሽኑን ከመኪናው ያወረድነው እኔና ወዳጄ ነን። ከሰው ቁመት ትንሽ የሚያጥር ቢጫ ቱቦ ነው። ፊቱ ላይ መስታወት አለው፤ ከኋላው ደግሞ ትንሽ የሚሽከረከር ነገር። ክብደቱ አንድ የደለበ ሙክት ያህላል።

«ውስጡ ሆኖ የሚነዳው ማን ነው?» አልኳት። ሰው እንደማይገባበት አይቻለሁ፤ ለማነጋገር ያህል ነው።

«ማንም አይነዳውም አባባ። መንገዱን እዚህ ኮምፒውተር ላይ አሰምርለታለሁ። ራሱ ሄዶ ራሱ ይመለሳል።»

«ገመድስ?»

«የለውም።»

«ቢጠፋስ?»

«እሱ ከጠፋ እኔም ወደ ቤቴ አልመለስም፤ እዚሁ በግ ጠባቂ አድርገው ይቀጥሩኛል።»

«በብርድ የምትንቀጠቀጥ እረኛ አልቀጥርም» አልኳት። ከዚህ በኋላ ተግባባን።

እንዴት እንደሚቆጥር አስረዳችኝ። ወደ ውኃው ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ዓሣውን ነክቶ ሲመለስለት ያውቀዋል። ካሜራም አለው፤ ሲጠጋ ፎቶ ያነሳል። እኔ በግ ስቆጥር በጉረኖው በር አንድ አንድ እያሳለፍኩ ነው። ይሄ ግን በጎቹ ተበትነው በሚግጡበት ሜዳ ላይ በመሀላቸው እየሄደ ነው የሚቆጥር። ይህ አልተዋጠልኝም።

«አንዱን ዓሣ ሁለቴ ቢቆጥረውስ?» አልኳት።

«ይቆጥረዋል። ለዚህ ነው ደጋግሜ የምልከው። መጨረሻ ላይ የምናገኘው ግምት ነው።»

«ግምት ከሆነማ እኔም እገምታለሁ። ማሽን ምን አስፈለገ?»

አልተቆጣችም። ትንሽ አስባ፣ «የእርስዎ ግምት ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አይነግርዎትም አባባ። የእኔ ግምት ይነግረኛል። ልዩነታችን እሱ ብቻ ነው» አለችኝ።

ያን ቀን ንግግሯን እንደ ልጅ ጨዋታ ነው የቆጠርኩት።

ማሽኑን ከማሰማራቷ በፊት መንገዱን ስታሰምር፣ ውኃውን በጀልባ ስትዞር ሰነበተች። እኔ ደግሞ በዚያ መሀል የራሴን ዘዴ ማሰብ ጀመርኩ። ሴቶች ዳር ወርደው የጠላ ጋን ሲያጥቡ ዓሣው እንዴት እንደሚሰበሰብ በዓይኔ አይቻለሁ። አተላ ይወዳል፤ ከላሜ አይለይም። እንግዲያውስ እኔ ዓሣውን ውኃ ሥር ወዳለው ቤቴ ብጠራውስ? ማሽኑ መጥቶ ቤቴ ላይ ዓሣ ግጥም ብሎ ቢያገኘው ቦታው ይከለላል፤ ድንጋዩም አይነካም። ማንንም አልጎዳሁ፤ ዓሣ ነው ያበላሁት። ለራሴ እንዲህ አልኩት።

ከእኛ በላይ ጠላ የምትሸጥ ሴት አለች። ከእሷ አተላ በጄሪካን እየወሰድኩ፣ ገና ውርጩ ሣሩ ላይ ሳለ፣ ማንም ሳይመጣ ጀልባ ገፍቼ ወጣሁ። ዋና አልችልም፤ ውኃ እፈራለሁ። ግን ወጣሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ከገደሉ ሰንጣቃ ጋር አስተካክዬ፣ «እዚህ ነው» ባልኩበት ቦታ እደፋዋለሁ። አተላው ቢጫ ሆኖ እየተንሳፈፈ ቀስ ብሎ ይሰምጣል። እውነትም ዓሣው ሽቅብ ሲላወስ አየሁ። ደስ አለኝ።

ባለቤቴ ግን አተላውን የምታውቀው የላሟ ድርሻ አድርጋ ነው። አንድ ጠዋት በር ላይ ያዘችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ አተላ የት ነው የሚሄደው? ላሚቱ ከስታለች።»

«ለዓሣ ነው።»

«ለየትኛው ዓሣ?»

«ለቤታችን ዓሣ። ቆጣሪው ሲመጣ ብዙ እንዲሆን ነው። ብዙ ከሆነ ድንጋዩን አያነሱትም።»

በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ወደ ታች አየች፣ ወደ ውኃው። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ጄሪካኑ በር ላይ ሞልቶ ቆሞ ነበር። ላሟን ጭድ ሰጥታት ኖሯል።

የቆጠራው ቀን ማኅበሩ በሙሉ ዳር ተሰበሰበ። አጥኚዋ ማሽኑን ከጀልባው ቀስ አድርጋ ለቀቀችው። ጀርባው ትንሽ ታየ፤ ከዚያ ጠፋ። ውኃው እንደነበረው ሆነ። ትልቅ ነገር ውስጡ ገብቶ እየሄደ እያለ ውኃ ምንም እንዳልሆነ ሲሆን ማየት ይገርማል። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ቁጭ አለች።

«አዞ ቢበላብሽስ?» አላት ወዳጄ ሊያስቃት ብሎ።

«እዚህ አገር ካንተ ሌላ አዞ የለም» አልኩት።

ብዙ ጠበቅን። ከዚያ በነገረችን ቦታ ላይ ብቅ አለ፤ ቢጫ ጀርባው ከሩቅ እንደ ዱባ ተንሳፈፈ። ጎረምሶቹ አጨበጨቡ። እኔም ሳላስበው አጨበጨብኩ። ሰው ሳይነዳው፣ ገመድ ሳይዘው፣ በማይታይ መንገድ ሄዶ በተባለበት መውጣቱ ያስጨበጭባል፤ ምን ላድርግ?

የያዘውን ወደ ኮምፒውተሯ አስገባችና ጎጆዬ ውስጥ ተቀምጣ ማየት ጀመረች። መጀመሪያ ፊቷ ደህና ነበር። ኋላ ግንባሯን ቋጠረች።

«እዚህ ቦታ ላይ ምንድነው ያለው?» አለች። «በድምፁ ስንሄድ እልፍ ዓሣ ያለ ይመስላል። በካሜራው ግን አንድም አይታይም። ውኃው እንዲሁ ደፍርሷል።»

ወዳጄ ከጀርባዋ ጎንበስ ብሎ አየ። «ጉሽ ጠላ ነው የሚመስለው» አለ። ይህን ብሎ ወጥቶ ወደ ጀልባዋ ሄደ። አፍንጫውን ወደ ጀልባዋ ወለል ዝቅ አድርጎ ሲያሸት አየሁት።

«ጋሼ!» ብሎ ጮኸ። «ይቺ ጀልባ ለምንድነው የጠላ ቤት የምትሸተው?»

«አፍንጫህን ያዝ!» አልኩት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አጥኚዋ አልሳቀችም። የሚብላላ ነገር ሥር ሲቀመጥ አረፋ ይሰጣል፤ ድምፁ አረፋውን ነክቶ ሲመለስ ማሽኑ ዓሣ ይመስለዋል አለች። ዓሣም ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ ግን የቱ ዓሣ፣ የቱ አረፋ እንደሆነ መለየት አይቻልም። «ስለዚህ ይህንን ቦታ ከቆጠራው አውጥቼዋለሁ። ውኃው ሲጠራ ደግሜ እልከዋለሁ።» ይህን ብላ ኮምፒውተሯን ስትዘጋ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ ቀስ ብላ፣ «አባባ፣ እስከዚያ ጀልባዋን ቢያሳርፏት ጥሩ ነው» አለችኝ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ የሆነውን ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። እጇን ከሊጡ አውጥታ ቆመች።

«ውኃዋን አደፈረስንባታ» አለች።

እራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ውኃው እስኪጠራ ጀልባዋን አልነካሁም። ማሽኑ እንደገና ገብቶ ወጣ። አጥኚዋ ውጤቱን ለማኅበሩ ልታሳይ ሁላችንንም ጎጆዬ ውስጥ ሰበሰበችን። ቦታው ጠቦ ከፊሉ ሰው በር ላይ ቆሟል። በመሀል ሰዎቹ ገለል ገለል ሲሉ ቀና ብዬ ባይ ባለቤቴ ናት። በዱላዋ እየተደገፈች ቁልቁለቱን ወርዳለች። ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም። ከግድቡ ወዲህ እስከ ውኃው ዳር ወርዳ አታውቅም። ወዳጄ ሣጥን ገልብጦ አስቀመጣት።

ማሽኑ በድምፅ የሣለው ሥዕል ፎቶ አይመስልም። የጥላ ሥዕል ነው፤ የሚያብለጨልጭና የሚጨልም። ግን ያስታውቃል። ግድግዳዎቻችን ቆመዋል። አጥሮቹ እንደ ድሮው እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ አለ። ወደ ወንዝ የሚወርደው መንገድ እንኳ አለ። ከእኛ ሰፈር የሆነው ሁሉ ወደ ሥዕሉ ተጠጋ። ጎረምሶቹ ግድቡ ሲሞላ ሕፃናት ስለነበሩ አያውቁትም፤ እነሱም አንገታቸውን አሰገጉ።

እኔ ጣቴን አስረዝሜ፣ «ይሄ ያ የደፈረሰው ቦታ ነው አይደል? ቤታችን ነው» አልኩ።

«አይደለም» አለች ባለቤቴ ከሣጥኑ ላይ።

«እንዴት አይደለም?»

«ይሄ የጎረቤታችን የበግ ጉረኖ ነው። በሩ ወደ ወንዙ ነው። የእኛ በር ወደ ፀሐይ መውጫ ነበር። ወዲህ ነው የእኛ፣ ይኸው።» ተነስታ ጣቷን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አኖረች።

«የለም፤ እኔ በጉልላቱ ለክቼዋለሁ» አልኳት።

«በየትኛው ጉልላት? ውኃው ሲሞላ የነበረው ለጊዜው የተሠራው ትንሹ መቃኞ ነው። መቃኞው ፈርሶ ትልቁ ሲሠራ ወደዚያ ራቅ ተደርጎ ነው። አንተ እሱ እንደተነሳ አብረህ ተነሳህ።»

እውነቷን ነው። መጀመሪያ ቦታውን ያየሁት በዚያች ትንሽ መቃኞ አቅጣጫ ነበር፤ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ዓይኔ ሳላውቀው ወደ አዲሱ ጉልላት ዞረ። ይህን ሁሉ ዘመን ጎጆዬ በር ላይ ቆሜ ያየሁት፣ አንዳንዴም ያማተብኩበት፣ የሰው የበግ ጉረኖ ነበር። አተላውንም የደፋሁት እዚያው ነው። ያቺ ልጅ ስለ ግምት የነገረችኝ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሲገባኝ ፊቴ ጋለ።

ባለቤቴ ግን እኔን አላየችኝም። ሥዕሉን ነው የምታይ። አጥኚዋ ቦታውን አጉልታ አቀረበችላት። ግድግዳውና አጥሩ የሚገናኙበት ጥግ ወለል ብሎ ታየ። ድንጋዮቹ ደምቀዋል። በመሀላቸው ግን ለስላሳ ጨለማ ብቻ ነው።

«እዚህ ጥግ ላይ ምን ይታያል?» አለቻት።

«ደለል ነው እማማ። ምንም የለም።»

«አለ» አለች ባለቤቴ።

ከዚያ ተናገረች። እኔ ለሰው አልነግርም ያልኩትን፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረቻቸው። ልጅ ነበረችን፤ ሰማንያ ቀኗ ሳይደርስ ሞተች፣ እዚያ ጥግ ላይ ናት አለች። አላለቀሰችም። ድምፅዋ የዕቃ ዋጋ እንደምትጠይቅ ሴት ድምፅ ነበር። ሰው ግን ባርኔጣውን አወለቀ።

አጥኚዋ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች። ፊቷ ቀልቷል። «ዓሣስ?» አልኳት እኔ። «እዚያ ጥግ ላይ ዓሣ አለ ወይ?»

«አለ አባባ። ግን ትንሽ ነው። ዓሣው የሚጠለለው ወንዙ የሚገባበት ደንገል ውስጥና የድሮው ቤተ ክርስቲያን ጉብታ ላይ ነው። የሚከለሉት እነዚያ ናቸው።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ቁጥሩን ልለውጠው አልችልም።»

«ማን ለውጪ አለሽ?» አልኳት። ብትለውጥልኝ ኖሮ ያን ቀን ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ከዚያ በኋላ የምትነግረኝን አንድም ነገር አላምንም ነበር። ዓሣው የት እንዳለ የሚያውቀው ዓሣው ነው። እሷ የእሱን ቃል ነው ያመጣችው።

በር ላይ ከቆሙት ጎረምሶች አንዱ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እንግዲህ በጥናቱ መሠረት እዚያ ያለው ድንጋይ ይነሳል ማለት ነው?» አለ። ክፉ ልጅ አይደለም። የተወሰነው እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ሰው ሁሉ ወደ ወዳጄ አየ። መረቡን የሚመራው እሱ ነው፤ ድንጋዩ ይነሳ ያለውም እሱ ነው።

«እኔ አባቴን የቀበርኩት ከቤቴ ጀርባ ካለ ዛፍ ሥር ነው» አለ። «ስንወጣ ዞሬ እንኳ አላየሁትም። አሁን ማን ያርስበት፣ ምን ይብቀልበት፣ አላውቅም። የሚያሳየኝ ማሽንም የለም።» ወደ አጥኚዋ ዞረ። «ይቺን ጥግ ስልኬ ላይ ምልክት ታደርጊልኛለሽ?»

«አደርጋለሁ።»

«እንግዲያው የሌላው ይነሳ። ይቺ ትቆይ። መረቡን አዞርበታለሁ።»

«ቢቀደድስ?» አለው ጎረምሳው።

«ማነው የሚሰፋው? አንተ ነህ?»

«አንተ ነህ።»

«እንግዲያው ዝም በል።»

ባለቤቴ ሣጥኑ ላይ እንደተቀመጠች ነጠላዋን አስተካከለች። «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ» አለችው። ዳገቱን ስንወጣ ቀድማኝ ነው የሄደችው። መሀል መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ የደከመኝ መስሏት ነው። አልደከመኝም ነበር።

ግንቦት ሲገባ ውኃው ጎደለ። በሬ ጠመዱ፤ ሰንሰለት አመጡ። የጎረቤታችንን ጉረኖ ድንጋይ በድንጋይ ሲያወጡት ቆሜ አየሁ፤ ያንን ሁሉ ዘመን የተሳለምኩትን ጉረኖ። ለባለቤቴ ስነግራት እስኪበቃት ሳቀች። እኛ ጥግ አካባቢ ሲደርሱ ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ እያየ፣ ሰንሰለቱን ወዲያ፣ በሬውን ወዲህ እያለ አሳለፋቸው። የደንገሉና የጉብታው ዳርቻ በእንጨት ተከልሎ፣ በዚያ በኩል መረብ አይጣልም ተባለ። አጥኚዋ ሄዳለች፤ ዓመት ዓመት እየመጣሁ አስቆጥራለሁ ብላለች።

አሁን መረቡ ሲጎተት እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ። ከግድቡ ጫፍ ጀምሮ ቀጥ ብሎ ይመጣል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጎባጣ ሆኖ ይዞራል፤ ከዚያ እንደገና ይቀናል። የማያውቅ ሰው ቢያየው ጎታቾቹ የተሳሳቱ ይመስለዋል። አንዳንዴም በእርግጥ ይሳሳታሉ፤ ንፋስ ይገፋቸዋል፤ መረቡ ግድግዳችንን ይይዛል።

ባለፈው ጊዜ እንደዚያ ሆነ። ወዳጄ የተቀደደውን መረብ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በመርፌ ሲሰፋ ባለቤቴ ቆሎ ይዛለት ወረደች። አሁን አሁን ትወርዳለች።

«እማማ፣ ዛሬም ግድግዳችሁ መረቤን በላው» አላት።

«ሰፋ አድርገህ ዙር ብዬህ ነበር» አለችው። ቆሎውን አጠገቡ አኖረችና የመረቡን ሌላ ጫፍ ይዛ ወጠረችለት።